ጠፍቶ ነበር እንዴ?

የእናቴ አጎት ሰማንያን ከተሻገሩ ቆይተዋል። ዘመዱም ጎረቤቱም «የኔታ» ነው የሚላቸው። በወጣትነታቸው ድጓ ተምረዋል፤ በጎልማሳነታቸው የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ፊደል አስቆጥረዋል፣ እኔንም ጭምር። ስልክ የሚይዙት ለመደወል ብቻ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን የእኔን ስልክ በሁለት እጃቸው ይዘው አልለቅ አሉኝ።

ነገሩ የጀመረው በሌላ ጉዳይ ነው። ለጓደኛዬ ፖስተር የሚሆን ሐረግ፣ ማለትም በብራና መጽሐፍ ገጽ አናት ላይ የሚሳለውን ጌጥ፣ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ደረስኩ። እዚያ አንድ ተአምረ ማርያም አለ። ቅጠል በቅጠል ፎቶ ተነሥቶ፣ በጥራት ተጭኗል። የብራናው ቀዳዳ የተሰፋበት ክር ሳይቀር ይታያል። ደስ ብሎኝ «የኔታ፣ ይችን ይዩልኝ» ብዬ ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ገጹን በጣታቸው እየገፉ፣ ግእዙን ማነብነብ ጀመሩ። መጨረሻው ቅጠል ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«የመድኃኔ ዓለም መጽሐፍ ነው ይላል። የመቅደላው። የሰረቀውም የፋቀውም ውጉዝ ይሁን ይላል።» ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እዚህ ጋ ደግሞ ተፍቋል። ከሥሩ ሌላ ስም ነበረው» አሉ።

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ልብ አላልኳትም። በኋላ ዋጋ አስከፍላኛለች።

«ከታች በእንግሊዝኛ የተጻፈውስ ምን ይላል?»

«‹ከመቅደላ ቃጠሎ የተረፈ፤ በ1868 የተገኘ፤ በአንድ መኮንን ቤተሰብ የተበረከተ› ይላል።»

«የተገኘ?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ጠፍቶ ነበር እንዴ?»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ያን ቀን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ያችን አንድ መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ የፈጀብኝ ይችን መስመር የማስቀየር ጉዳይ ነው።

ሦስቱ ግሦች

ብርጭቆ የሰበረ ልጅ «ሰበርኩት» አይልም። «ተሰበረ» ነው የሚለው። ሁላችንም ብለነዋል። ትምህርት ቤት ይህን «ተገብሮ» ብለው አስተምረውናል፤ ሥራው ይታያል፣ ሠሪው አይታይም።

የዩኒቨርሲቲውን መስመር በዚህ ዓይን ስናየው ሦስት ግሦች አሉት። ተረፈ፣ ተገኘ፣ ተበረከተ። ማን አቃጥሎ ነው የተረፈው? ከማን እጅ ነው የተገኘው? አይናገርም። በመስመሩ ውስጥ አንድ ነገር ሲያደርግ የሚታየው ሰው ሰጪው ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በታሪኩ ውስጥ ያለው ብቸኛ አድራጊ ደግ ሰው ነው።

እንግዲህ ሦስቱን ግሦች ከታሪኩ ጋር እናስተያያቸው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ መዝገቡ የሚናገረው በዚያ ስለሆነ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። መልስ ሳይመጣ ቀረ። ንጉሡ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። እንግሊዝ በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራ ጦር ላከች፤ ተዋጊው ብቻ 13,000 ገደማ፣ መድፍ ጎታች ዝሆን ሳይቀር የያዘ ጦር። በስቅለት ዓርብ፣ ኤፕሪል 10 ቀን 1868፣ አሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ፤ የቴዎድሮስ ጦር ተሸነፈ። በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት እስረኞቹ ተለቀቁ። ጦሩ የመጣበት ጉዳይ እዚህ ላይ አብቅቶ ነበር።

ግን አላበቃም። በፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ በእኛ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ አምባው ተወረረ፤ ቴዎድሮስም እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን አጠፉ። ወዲያው ዝርፊያው ተጀመረ። ከጦሩ ጋር በጋዜጠኝነት የሄደው ሔንሪ ስታንሊ፣ ዕቃው ከአምባው አናት ጀምሮ በቁልቁለቱና ወደ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ሁሉ ተበትኖ እንደነበር ጽፏል። አምባው የነደደው ግን ያን ዕለት አይደለም። ናፒየር መቅደላን ያቃጠለው ኤፕሪል 17 ነው፤ ከአራት ቀን በኋላ።

ስለዚህ «ከቃጠሎ የተረፈ» የሚለው መጀመሪያ ይወድቃል። እሳቱን የለኮሰውም፣ መጻሕፍቱን የወሰደውም አንድ ጦር ነው። ቤቱን ከማቃጠልህ በፊት ያወጣኸውን ሣጥን «ከእሳት አዳንኩልህ» ብትለኝ ምን እልሃለሁ?

ሁለተኛው «የተገኘ» ነው። የተዘረፈው ዕቃ በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ። እዚያም ኤፕሪል 20 እና 21 ጨረታ ወጣበት። ሁለት ቀን የፈጀ ጨረታ ነው። 5,000 ፓውንድ ገደማ ተሰብስቦ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ዋናው ገዢ ሪቻርድ ሆልምስ ይባላል፤ የብሪቲሽ ሙዚየም የብራና ክፍል ሠራተኛ ሲሆን ከጦሩ ጋር የተላከው በአርኪዮሎጂ ባለሙያነት ነበር። ለሙዚየሙ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ያዘ። ከጨረታው ውጪ ደግሞ አንድ የወርቅ ዘውድና አንድ የወርቅ ጽዋ ከአንድ ወታደር እጅ በ4 ፓውንድ ገዛ። ይህ ሁሉ በ«ተገኘ» ውስጥ ተጠቅልሏል። በቀጥታ ካየነው ግን ድርጊቱ ሁለት ነው፤ አንደኛ መዝረፍ፣ ሁለተኛ የተዘረፈውን መግዛት።

ሦስተኛው «የተበረከተ» ነው። ስለዚህ ብዙ አልልም። ሰው የሚያበረክተው የራሱን ነው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ

የመጀመሪያ ኢሜይሌን የጻፍኩት በዚያው ሳምንት፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ብሽቅ ብዬ ነው። ሦስት ገጽ። ቅኝ ግዛትን አንሥቻለሁ፣ ዓድዋን አንሥቻለሁ፣ በሰባት ዓመቱ ተወስዶ በ18 ዓመቱ እንግሊዝ ውስጥ ስለሞተው ልዑል ዓለማየሁ አንድ ሙሉ አንቀጽ ጽፌያለሁ። «ሌቦች» የሚለውን ቃል አራት ጊዜ ተጠቅሜያለሁ። መጨረሻ ላይ መጽሐፉ ባስቸኳይ እንዲመለስ ጠየቅኩና ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት፣ ለሕዝብ ግንኙነቱና ሊንኩን ላገኘሁት አድራሻ ሁሉ ላክሁት።

«መልእክትዎ ደርሶናል» የሚል የማሽን መልስ መጣ። ከዚያ አራት ወር ዝም።

ስክሪንሾት አንሥቼ ለጓደኞቼ አሳየኋቸው። አንዱ «ወንድ ነህ» አለኝ። ሌላዋ፣ ነገር መመርመር የምትወደው፣ አንብባ ስትጨርስ «እሺ፣ ግን የትኛው ገጽ ላይ ያለውን የትኛውን መስመር ነው እንዲቀይሩልህ የምትፈልገው?» አለችኝ። መልሼ አየሁት። እውነቷን ነው። በሦስቱ ገጾች ውስጥ የመጽሐፉ የመዝገብ ቁጥር እንኳ አልነበረም።

ንዴቴ ልክ አይደለም እያልኩ አይደለም። አሁንም ያናድደኛል። ግን ያ ደብዳቤ የተጻፈው ለእኔ ነበር፤ እንዲቀልለኝ። የሚያነበው ሰው ምን ሊያደርግበት እንደሚችል አንዴም አላሰብኩም።

እንዴት ይጠየቃል?

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ የገባኝ ነገር እኔ ከዓለም የመጀመሪያው ጠያቂ አለመሆኔ ነው። ከመቅደላ አራት ዓመት በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ጠይቀዋል።

በ1872፣ ገና በነገሡበት ዓመት፣ ለንግሥት ቪክቶሪያና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለግራንቪል ጻፉ። የጠየቁት «ንብረታችንን» ብለው በጅምላ አልነበረም። ሁለት ነገር በስም ጠየቁ፤ አንድ ሥዕልና አንድ መጽሐፍ። ሥዕሉ ነገሥታቱ ዘመቻ ይዘውት የሚወጡት ኩርዓተ ርእሱ፣ መጽሐፉ ክብረ ነገሥት። ለምን እንደሚፈልጉትም ነገሩ፤ ያለዚያ መጽሐፍ ሕዝቤ አይታዘዘኝም አሉ።

አሁን ውጤቱን እዩት። የብሪቲሽ ሙዚየም መዝገቡን ሲያይ ክብረ ነገሥት ከአንድ በላይ እንዳለው አወቀ፤ አንዱን መለሰ። ሥዕሉ ግን አልተገኘም ተባለ። የት ነበር? ሆልምስ ቤት። ለሙዚየሙ እንዲገዛ የተላከው ሰው ለራሱ አስቀርቶት ነበር። ንጉሡ ሲጠይቁ እሱ የዊንዘር ቤተ መንግሥት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኗል፤ ዝም አለ። ሥዕሉ በ1917 ለንደን ውስጥ በጨረታ ተሸጠ፤ ኋላ ላይ ወደ ፖርቹጋል ሄደ። ዛሬም አገሩ አልገባም።

ይህን ሳነብ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። መዝገብ ላይ በስሙ የተጻፈው ተመለሰ፤ ያልተጻፈው ቀረ። ጓደኞቼ «አንድ መስመር ቢቀየር ምን ይጠቅማል፣ መጽሐፉ እዚያው ነው» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። አሁን አገኘሁ። መዝገቡ «ተገኘ» እስካለ ድረስ የሚጠየቅ ሰው የለም። «ተዘረፈ» ሲል ግን ቀጣዩ ጥያቄ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

«ተገኘ» ራሱ ከየት እንደመጣም አየሁ። በ1877 ዊልያም ራይት የሚባል የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የዐረብኛ ፕሮፌሰር የብሪቲሽ ሙዚየምን የግእዝ መጻሕፍት ዝርዝር አሳተመ። ሥራው ትልቅ ነው፤ ዛሬም ሊቃውንት ይጠቅሱታል። ርእሱ ግን «ከ1847 ዓመት ወዲህ የተገኙ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ዝርዝር» የሚል ነው። ከመቅደላ የመጡት መጻሕፍት ያሉት በዚያ ውስጥ ነው። ራይት የዘረፈ ሰው አይደለም፤ ቃሉም በሙያው የተለመደ ቃል ነው፤ የተገዛውም፣ በኑዛዜ የተሰጠውም፣ የተዘረፈውም በአንድ ቃል ይጠራል። ከዚያ ካታሎግ ካታሎግን ገለበጠ፣ ካርድ መጽሐፍን ገለበጠ፣ ድረ ገጽ ካርዱን ገለበጠ። የሐሰት ታሪክ ልጻፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው የለም። ቃሉ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ መቶ ሃምሳ ዓመት ሞላው።

ሁለተኛው ደብዳቤ

አንድ ሌላ ታሪክም አቅጣጫ ሰጠኝ። አሜሪካ፣ ዳርትመዝ ኮሌጅ። እዚያ ያሉ ተማሪዎች በ2014 በቤተ መጻሕፍታቸው መፈለጊያ ላይ ስለ ስደተኞች መጽሐፍ ሲፈልጉ «ሕገ ወጥ ባዕዳን» የሚል የርእስ ስያሜ አጋጠማቸው። ከእነሱ መካከል ራሳቸው ወረቀት የሌላቸው ነበሩ። ስለ ራሳቸው ሕይወት ለማንበብ ያንን ስም መጥራት ነበረባቸው። ለኮሌጁ ቢያመለክቱ ስያሜው የኮሌጁ እንዳልሆነ፣ ከአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እንደሚመጣ ተነገራቸው። ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኞቹ ጋር ተቀምጠው ማስረጃ ሰብስበው አመለከቱ። መጀመሪያ እምቢ ተባሉ። በ2016 እሺ ተባሉ። ከዚያ የምክር ቤት አባላት ጣልቃ ገቡና ነገሩ ቆመ። ቤተ መጻሕፍቱ ስያሜውን እንደሚተካ ያስታወቀው በ2021 መጨረሻ ነው። ጥያቄው ሲነሣ ተማሪ የነበሩት ያኔ ተመርቀው ወጥተዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር ወሰድኩ። አንደኛ፣ ቃሉን የሚቀይረው ፕሬዚዳንቱ አይደለም፤ ካታሎግ የሚሠራው ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ያ ሰው ጠላት መሆን የለበትም።

ሁለተኛው ደብዳቤ አንድ ገጽ ነበር። ለብራና ክፍሉ ካታሎግ ሠሪ ላክሁት። የመጽሐፉን ቁጥር ጻፍኩ። መስመሩን እንዳለ ገለበጥኩ። ከሦስቱ ግሦች ፊት ለፊት ቀኖቹን አስቀመጥኩ፤ ዝርፊያው 13፣ ቃጠሎው 17፣ ጨረታው 20 እና 21። የየኔታን ንባብ ጨመርኩ፤ የመጨረሻው ቅጠል መጽሐፉ የመቅደላ መድኃኔ ዓለም መሆኑን ራሱ ይናገራል አልኩ።

«በዘመኑ የተለመደ ነበር» የሚል መልስ እንደሚመጣ ጠርጥሬ ለሱም ተዘጋጀሁ። በ1871 ያ ዘውድና ጽዋ በእንግሊዝ ፓርላማ ሲነሡ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስቶን ራሱ ዕቃዎቹ ከኢትዮጵያ መምጣታቸው እጅግ እንደሚያሳዝነው ተናግሯል። እስኪመለሱ ድረስ በአደራ መያዝ አለባቸው የሚለው የናፒየርም ሐሳብ እንደሆነ ጠቅሷል። ጦሩን የመራው ሰውና የላከው አገር መሪ ያኔውኑ ነገሩ ልክ እንዳልነበር ካወቁ፣ የዛሬ ድረ ገጽ ከእነሱ በላይ የሚሸፋፍንበት ምክንያት የለም።

በመጨረሻም የምፈልገውን መስመር ራሴ ጽፌ አቀረብኩ፤ «የእንግሊዝ ጦር በኤፕሪል 1868 ከመቅደላ የዘረፈው»። መጽሐፉ ይመለስ የሚለውን በዚህ ደብዳቤ አላነሣሁም። ትቼው አይደለም። ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ ሲቀርብ ከባዱ ቀላሉን ይዞት ይሰምጣል ብዬ ነው።

በዘጠነኛው ቀን መልስ መጣ። ከማሽን ሳይሆን ከሰው።

የተፋቀው መስመር

ደብዳቤው ትሕትና ያለው ነበር። ሴትዮዋ «ከቃጠሎ የተረፈ» የሚለው የሰጪው ቤተሰብ በጊዜው ከጻፉት ወረቀት እንደተወሰደ፣ ማንም ቀኖቹን አመሳክሮ እንደማያውቅ ገለጸችልኝ። እሱ ይወጣል አለች። «የተገኘ» ላይ ከባልደረቦቿ ጋር መነጋገር ይኖርባታል። ከዚያ አንድ ጥያቄ አስከተለች።

በዚያው መጨረሻ ቅጠል ላይ የመድኃኔ ዓለም ስም ካለበት በታች የተፋቀ መስመር ይታያል፤ ከመቅደላ በፊት የሌላ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የነበረ ይመስላል። ስለዚህ ምን ትላለህ? በደብዳቤህ አላነሣኸውም።

ጆሮዬ ጋለ። የኔታ ነግረውኝ ነበር። «ተፍቋል» ብለውኝ ነበር።

ታሪኩን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ስጽፍ ዘለልኩት እንጂ። ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰባሰቡት ወደ 1,000 የሚጠጋ የብራና መጽሐፍ ከሰማይ አልወረደም። ብዙው ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተወሰደ ነው። በ1866 ንጉሡ ጎንደርን ዘርፈው አቃጥለዋል። የጎንደር ካህናት ያን ጊዜ ያለቀሱት ለእንግሊዝ አይደለም። መጽሐፉ ላይ የነበረውን የባለቤት ስም የፋቀው እጅም የእንግሊዝ እጅ አይደለም።

ሁለት ቀን መልስ አልሰጠሁም። የፈራሁት ግልጽ ነው። ይህን ካመንኩ «አያችሁ፣ እነሱም ዘርፈውት ነው» የሚል ሰው አፍ ይከፍታል። ቴዎድሮስን ደግሞ እወዳቸዋለሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ ግጥሙንም ቲያትሩንም ስንሰማ ያደግን ነን። በጀግና ላይ መጻፍ ከባድ ነው።

የኔታ ጋ ሄድኩ። ነገርኳቸው።

«እና ምን ችግር አለው?» አሉኝ። «የሰረቀውም የፋቀውም ነው የሚለው። አንዱን መርጠህ አውግዝ አይልም።»

ተመልሼ ጻፍኩ። ልክ ነሽ፣ መጻፍ ነበረብኝ አልኩ። የተፋቀው መስመርም መዝገቡ ላይ ይግባ፤ መጽሐፉ ከመቅደላ በፊት የሌላ ቤተ ክርስቲያን እንደነበረና በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከጎንደር መጥቶ ሊሆን እንደሚችል ይጻፍ። ሁለተኛው መውሰድ ግን በመጀመሪያው አይሰረዝም። ከጎንደር የተወሰደ መጽሐፍ ባለቤቱ የጎንደር ደብር ነው እንጂ የለንደን ጨረታ ገዢ አይደለም። አንድ ሌባ ከሌላ ሌባ ስለወሰደ ባለቤት አይሆንም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ነገሩ የተገለበጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እስከዚያ ድረስ እኔ የወገኔን ታሪክ የማስከብር ሰው ነበርኩ፣ እሷም የመሥሪያ ቤቷን። የተፋቀውን መስመር አብረን ስናነብ ሁለታችንም የአንድ ብራና አንባቢ ሆንን። በዚያ ወር አምስት ጊዜ ተጻጻፍን። የተፋቀውን ቦታ በልዩ ብርሃን አስነሥታ ላከችልኝ፤ የኔታ «ቅዱስ» የምትለዋን ለይተው አነበቡ፤ ቀጣዩ ስም ግን አልወጣ አለ። የማን ደብር እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

አዲሱ መስመር

ከመጀመሪያው ኢሜይል አንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ገጹ ተቀየረ። አሁን እንዲህ ይላል፤ «ቀድሞ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ንብረት የነበረ (ስሙ ተፍቋል)፤ በኋላ የመቅደላ መድኃኔ ዓለም፤ በኤፕሪል 1868 በእንግሊዝ ጦር የተዘረፈ፤ በአንድ መኮንን ቤተሰብ ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠ»።

ሁሉን አላገኘሁም። «የእንግሊዝ ጦር የዘረፈው» ብዬ ያቀረብኩት ወደ «በእንግሊዝ ጦር የተዘረፈ» ዞሯል፤ ተገብሮው አልለቀቀም። ግን አድራጊው አለ። «የተበረከተ» ወደ «የተሰጠ» ወርዷል። «ከቃጠሎ የተረፈ» ጠፍቷል። ካታሎግ ሠሪዋ በተቋሙ ውስጥ ያሉ ሌሎች ሦስት የመቅደላ መጻሕፍትንም በዚሁ መልክ እያየቻቸው እንደሆነ ጽፋልኛለች። እነዚያን እኔ አልጠየቅኩም ነበር።

ይህን የምጽፍላችሁ ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ገጽ ፊት የሚቀመጥ ብዙ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው። ለቲሲስ፣ ለዲዛይን፣ ለንቅሳት ሳይቀር የብራና ሥዕል ስንፈልግ እናድራለን። ሥዕሉን ዳውንሎድ አድርገን እንወጣለን። ከሥር ያለችውን ትንሽዬ መስመር አናነብም። አንብቧት። ግሡን ፈልጉ። አድራጊው ካልታየ፣ የመዝገቡን ቁጥር ይዛችሁ፣ ቀኑን ይዛችሁ፣ የሚተካውን ዓረፍተ ነገር ራሳችሁ ጽፋችሁ ጠይቁ። የማይመቻችሁን እውነትም አትዝለሉት፤ ያኛው ወገን ያየዋል።

ታቦት የተመለሰው እንዲህ ባለ ሰው ነው። በ2001 ኤድንብራ ውስጥ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ቁምሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የመቅደላ ታቦት አገኘ፤ ምን እንደሆነ ገባው፤ በቀጣዩ ዓመት ታቦቱ አዲስ አበባ ገባ፤ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ተቀበለው። የቴዎድሮስ የፀጉር ዘለላም በ2019 ከለንደን ተመልሷል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ግን ተሄዶበታል።

አዲሱን መስመር ለየኔታ ያነበብኩላቸው እንደ በፊቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ቀስ ብዬ ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። «ተዘረፈ» ስል «እህ» አሉ። «ስሙ ተፍቋል» ስል ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከዚያ ስልኩን ተቀብለው ገጹን ወደ ላይ ወደ ታች ገፉት። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የተቀመጠችበት ሥዕል ላይ አቆሙት።

«ደግ ሠርተሃል፣ ልጄ» አሉኝ። «አሁን መቼ ነው የሚመጣው?»

ሦስተኛውን ደብዳቤ ጀምሬዋለሁ።